ከቤት የሚወጣው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እናቶች፤

የዛሬው ሥልጠናችን ጉዳይ ለአፍ ይከብዳል፤ ቢሆንም በስሙ ልጥራው። ወንድም በእህቱ ወይም በታናሽ ወንድሙ ላይ ስለሚፈጽመው ወሲባዊ ጥቃት ልንነጋገር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ዳባት ወረዳ ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል፤ ይህ ጉዳት ግን በር አንኳኩቶ በመጠየቅ ብቻ አይገኝም።

የምናውቀውን ኑሮ እንመልከት። የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከተማ ወርዶ ቤት ይከራያል። እናት ሴት ልጇን ብቻዋን መላክ ስለምትሰጋ ከወንድሟ ጋር ትልካታለች። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ፣ ከቤት የመጣ ሽሮና በሶ። እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ወንድም ሞልቷል። ጠባቂው ራሱ ሲበድልስ ለማን ትናገር? ለእናቷ ብትነግር ሁለቱም የእናቷ ልጆች ናቸው። የእናትን ጭንቅ አልኮንንም። ቀጥሎ የሚሆነውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ «ገመናችን አይውጣ» ይባላል፤ ልጁ ተገሥጾ ይታለፋል፤ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ትላካለች ወይም ትምህርቷን አቋርጣ ትዳራለች። ከቤት መውጣት ያለበት ሰው ካለ እሱ ይውጣ፤ ታናናሽ ልጆች ወደሌሉበት ዘመድ ቤት ይሂድ።

ሽማግሌዎቻችን፣ የደም ነገር ሳይቀር አስታርቃችኋል። ይህን ግን በእርቅ አትጨርሱት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 13 ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ አዋቂ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አጥፊው ራሱ ሕፃን የሚሆንበት ጊዜም አለ። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለውም ሕጉ ያዘጋጀው የአዋቂ ቅጣት ሳይሆን ማረሚያ ነው። እሱም እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ዝም ከተባለ ወደ ታናሿ ሊሻገር ይችላል።

ጊዜውንም አስቡ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን አያልፍም። ሽማግሌ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስኪሰበሰብ ይህ ሁሉ ያመልጣል። ልጅቷ ሳትታጠብ፣ የለበሰችው ልብስም ሳይታጠብ፣ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ካህናት አባቶቼ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወልዳ ከብዳ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ለንስሐ አባቷ የሆነች ሴት አለች። ልጅ ሳለች የተፈጸመባት በደል የእሷ ኃጢአት አይደለምና ቀኖና አትስጧት። ምስጢሯን ጠብቁላት፤ ወደ ሐኪም መሄድ ብትፈልግ አበርቷት። ለወንድ ልጅም እንዲሁ ነው፤ እሱ እንዲያውም «ወንድ ሆነህ!» እንዳይባል ይበልጥ ይደብቃል።

ከሻይ ዕረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ልጅ ሲነግረን የምንመልሰውን የመጀመሪያ ቃል እንለማመዳለን፦ «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዛሬ ማታ እዚያ ቤት አታድሪም።» ሁላችሁም፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር፣ በየተራ ጮክ ብላችሁ ትሉታላችሁ። ሥልጠናው ተከፍቷል።