ከሰማይ ስለሚያይ ዓይንና በምድር ስለሚሰማ ጆሮ

ተማሪዎች ሆይ!

የቀድሞ ሰው የጐርፍንና የዐውሎ ነፋስን መምጣት የሚያውቀው ደመናን በማየት፥ የነፋስንም አነሣሥ በመመርመር ነበር። ዛሬ ግን ሳተላይት የሚባል፥ በሮኬት ተተኵሶ ምድርን የሚዞር መሣሪያ ተገኝቷል። አንዳንዱ ከምድር ወገብ በላይ 36000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከምድር ጋራ እኩል ስለሚዞር፥ ባንድ ስፍራ እንደ ቆመ ሆኖ የደመናን ጕዞ ሌሊትና ቀን ይጠብቃል። ራዳር የተሸከመው ደግሞ በጨለማና በደመና ውስጥ አሳልፎ ውሃ የሸፈነውን መሬት ከደረቁ ይለያል። ድሮን የሚሉት፥ አብራሪ የማይቀመጥበት ትንሽ አውሮፕላን፥ ዝቅ ብሎ እየበረረ የፈረሰውን ቤትና የተቈረጠውን መንገድ ፎቶግራፍ ያነሣል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ኢዳይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሞዛምቢክን በመታ ጊዜ፥ የጉዳቱን ስፋት ለማወቅ ሁለቱም ሠርተዋል።

ነገር ግን ማየት ብቻውን ሰውን አያድንም። ለዚህም የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ምስክር ነው። ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው፥ ያን ጊዜ ግን ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው አገር፥ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን በሌሊት ወደ የብስ ገፋው። ሳተላይት አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ በራዲዮም ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ ወደ ደሴቶቹ ጐጆ ሁሉ አልደረሰም፤ ከሰሙትም ብዙዎቹ የአደጋውን መጠን አላስተዋሉም፤ ያስተዋለውም ቢሆን የሚሸሽበት ከፍተኛ ስፍራ አላገኘም። ስለዚህ 300000 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ከ2 ዓመት በኋላ መንግሥቱና የቀይ መስቀል ማኅበር ፈቃደኞችን ከየመንደሩ መርጠው ማሰልጠን ጀመሩ። እነዚህም የማስጠንቀቂያ ባንዲራ እየሰቀሉ፥ በድምፅ ማጉያ እየተጣሩ፥ ከቤት ወደ ቤት ቃሉን ያደርሳሉ። በጠንካራ ምሰሶ ላይ ከፍ ተደርገው የታነጹ መጠለያዎችም ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በደኅናው ቀን ትምህርት ቤቶች ናቸው። ግንቦት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. አምፋን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ፥ በባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ። የሁለቱ ዐውሎዎች ኀይል ልክ ለልክ ባይሆንም፥ በዚያ አገር የሞተው ሰው መቶ እንኳ አልሞላም። ዓይኑ በሁለቱም ጊዜ አይቷል፤ ልዩነቱን ያመጣው የቃሉ መድረስና የሰሚው መነሣት ነው።

ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ምድርን የምትመለከት የመጀመሪያዪቱን ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አስተኵሳለች። እንግዲህ የመንደር ተማሪ ሥራ አለበት። የጐርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፥ ማንበብ የሚችለው ልጅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ላላነበቡት ወላጆቹ፥ ለዓይነ ስውሩ ጎረቤት፥ ብቻዋን ለምትኖረው ባልቴት ይንገር። ወደ ከፍተኛው ስፍራ የሚወስደውንም መንገድ ከክረምት አስቀድሞ ይወቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ጐርፉ ካለፈ በኋላ የሚሰማ ጩኸት ማንንም አያድንምና።