የሚያንጠባጥብ ቤንዚን የጎረቤትም ጉዳይ ነው

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤንዚን ጎማ ነው። ይኸውም በአሮጌ መኪና ውስጥ ቤንዚኑን ወደ ሞተር የሚያደርሰው፣ ጣት የማያህለው የጎማ ቱቦ ማለታችን ነው። «ይህ የሾፌርና የመካኒክ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን ሁላችንንም ያገባናል። በሰፈራችን ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው፤ አጥር ከአጥር ተያይዟል። መኪናው የሚያድረው በግቢ ውስጥ ነው። በዚያው ግቢ እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ስለዚህ ከአንድ መኪና ሥር የተነሣ እሳት በዚያ መኪና ብቻ አያበቃም።

እንደሚታወቀው በአገራችን መኪና ቶሎ አይጣልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ ይበልጥ ግድ ሆኗል። ዲኤክስ ኮሮላው፣ ላዳው፣ ቮልሱ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ብረቱ ተቀጥቅጦ ይቃናል፣ ቀለሙ ይታደሳል፤ ጎማው ግን ይረሳል። ጎማ ደግሞ ቆሞም ቢሆን ያረጃል።

እንግዲህ ቱቦው ለምን እንደሚያፈስ እንመልከት። ቤንዚኑ ከሰልባቲዮ ተነሥቶ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በብረት ቱቦ ነው። ሞተሩና የመኪናው አካል ግን እኩል አይንቀጠቀጡም፤ ስለዚህ ብረቱ እንዳይሰበር በመጋጠሚያዎቹ ላይ አጫጭር ጎማዎች ይገባሉ። የሞተሩ ሙቀት፣ የጠጠር መንገድ ንቅናቄና ዕድሜ ተጋግዘው እነዚህን ጎማዎች ያደርቋቸዋል። የቤንዚኑም ዓይነት ይለያል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከ100 እጅ 5 እጅ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 እጅ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ደግሞ ለእርሱ ተብሎ ያልተሠራን የድሮ ጎማ ያሳብጣል፣ ያልመዋል፣ በኋላም ይሰነጥቀዋል።

የቮልስ ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቮልስ ሰልባቲዮ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። ፋብሪካው ያደረገለት ጎማ በላዩ የክር ሽመና የለበሰ ስለሆነ፣ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ሳለ ውጪው ደህና መስሎ ይታያል። የቤንዚኑ ፓምፕ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዕቃ አጠገብ ተቀምጧል። ጎማው እዚያ ላይ ቢፈስ ቤንዚኑ የሚያርፈው ፍንጣሪ ካለበት ቦታ ላይ ነው። የሞተሩም አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ውሃ ቢደፉበት ይብስበታል። በዓለም ዙሪያ የቮልስ ባለቤቶች ስለ ጎማ አጥብቀው የሚነጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ሁለት አባባሎች ሰውን ያዘናጋሉ።

አንደኛው «ብርድ ስለሆነ አይነድም» የሚለው ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ለመንደድ የሚበቃ ትነት ይሰጣል። እንዲያውም ከተማችን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በ30 እጅ ገደማ ያንሳል፤ ቤንዚንም እዚህ ይበልጥ ፈጥኖ ይተናል። ትነቱ በአየር ውስጥ ከ100 እጅ 1 እጅ ተኩል ያህል ከሆነ ለመያያዝ ይበቃዋል።

ሁለተኛው «ንፋስ ያወጣዋል» የሚለው ነው። ስማችንም ንፋስ መውጫ ነውና ነገሩ እውነት ይመስላል። ሜዳ ላይ እውነትነት አለው። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት ጊዜ ይከብዳል። በኮፈን ውስጥ ይታፈናል፣ በታጠረ ግቢ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በቦይ ወርዶ ከጎረቤት ምድጃ ይደርሳል። ሜዳው ላይ ትነቱን የበተነው ንፋስ፣ እሳት ከተነሣ በኋላ ያንኑ እሳት ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ያሻግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እየነዳችሁ ቤንዚን ቢሸታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ መኪናውን ከቤት፣ ከሱቅና ከቡና መሸጫ ራቅ ባለ ደልዳላ ቦታ ዳር አስይዙ። «ደብረ ታቦር ድረስ ያደርሰኛል» ወይም «ጨጨሆን ልለፍና አየዋለሁ» አትበሉ። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል የጭስ መውጫው ብረት ቤንዚንን በራሱ ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት ይኖረዋል።

ቀጥሎ ቁልፉን አጥፉ። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለው መኪና ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ ቤንዚን መግፋቱን አያቆምም። የእጅ ፍሬን ያዙና ተሳፋሪውን ሁሉ አስወርዱ። ሰዉ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም፤ ዕቃ ለማውረድ አይሻማ። ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ አይቅረቡ። የሚፈስበትን ቦታ ለማየት ብላችሁ ሞተሩን ደግማችሁ አታስነሡ። ጨለማ ከሆነ የእጅ ባትሪውን ከሩቅ አብርታችሁ ቅረቡ እንጂ መኪናው አጠገብ አታብሩ።

ጭስ ወይም ነበልባል ካያችሁ ኮፈኑን አትክፈቱ! እሳት አየር ሲያገኝ ይፈነዳል። ደረቅ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ ካለ ኮፈኑን በጣም ትንሽ ገለጥ አድርጎ በስንጥቁ መርጨት ይቻላል። በአንዱ ካልጠፋ ትታችሁ ሽሹ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይስፋፋል፤ ስለዚህ ውሃ አትድፉ። መሬት ላይ የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ ወይም በአፈር አልብሱት። መኪና በገንዘብ ይገዛል፤ ሰው አይገዛም።

እሳት ከሌለ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ። ሽታው ከለቀቀ በኋላ የባትሪውን የኔጌቲቭ ሽቦ ፍቱ። ሽታው ሳይለቅ ከፈታችሁት ግን የሽቦው ፍንጣሪ ራሱ ያቀጣጥለዋል።

ከዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፈው የመላ ነገር ነው። ሳሙና መለሰን፣ ማስቲካ መለጠፍ፣ ካላማዳሪ ቆርጦ መጠምጠም፣ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ መተካት የተለመደ ነው። ሾፌሩ ይህን የሚያደርገው ወዶ ሳይሆን ዕቃው በቅርብ ስላልተገኘና የቀን ገቢው ስለሚቀርበት መሆኑን እንረዳለን። ይሁን እንጂ ካላማዳሪውን ቤንዚኑ ያልመዋል፤ ፕላስቲኩ በሞተር ሙቀት ይለሰልሳል። ሳሙናውም በመጀመሪያው ኮረብታ ይረግፋል። የተሰነጠቀ ጎማ አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ሲቀየርም የተሰነጠቀውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ መግጠም አይበቃም፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም አርጅቷልና ሁሉም ጎማዎች አንድ ላይ ይቀየሩ። ስትገዙ ቱቦው ላይ የታተመውን አንብቡ። «ጄ30 አር7» የሚለው ለካርቡሬተር መኪና ነው። «ጄ30 አር9» የሚለው ቤንዚን በግፊት ለሚረጭ ሞተር የተሠራ ነው። የካርቡሬተር ፓምፕ ግፊት ከግማሽ ባር ያነሰ ሲሆን፣ የሚረጨው ሞተር 3 ባር ያህል ይደርሳል። የመጀመሪያውን ጎማ በሁለተኛው ላይ መግጠም አደጋ መጋበዝ ነው። የሚረጭ ሞተር ከጠፋም በኋላ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይዞ ስለሚቆይ፣ እርሱን መፍታት ለመካኒክ ይተው።

ጎማው ሲፈታ ሰልባቲዮው ከፍ ያለ ከሆነ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መድፈኛና ክዳን ያለው ዕቃ ይዘጋጅ። አዲሱ ጎማ የብረቱን አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይልበስ። ማሰሪያው ፋሸታ ይጥበቅ፤ ጎማውን እስኪቆርጥ ድረስ ግን አይሁን። ጎማው ከጭስ መውጫው ብረት ይራቅ። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፤ ሌላው መጋጠሚያውን ይመልከት። በማግሥቱም ደግማችሁ እዩት። ቤንዚን የነካው ጨርቅ ወደ ቤት አይግባ፤ የተረፈውም ቤንዚን ቦይ ውስጥ አይደፋ።

የናፍጣ መኪና ያላችሁም አትዘናጉ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ፈጥኖ አይተንም፤ ግን የጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ይነዳል። ከናፍጣው ፓምፕ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት በመቶዎች የሚቆጠር ባር ስለሆነ፣ ቢሰነጠቅ የሚወጣው ጨረር ቆዳን በስቶ ይገባል። በእጃችሁ አትዳስሱት። የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ቤንዚን በአፍ መሳብም ይቅር። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰው ይገድላል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ልብሱ በቤንዚን የራሰ ሰው ምድጃ አጠገብ ሳይደርስ ልብሱን ይቀይር። እሳት ያቃጠለውን ሰው ቁስሉ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት አትቀቡት።

እንግዲህ ማኅበራችን ከነዋሪው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም።

ሾፌሮችና ባለመኪናዎች በወር አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጎማዎቹን በጣት ታጥፋችሁ እዩ። የደረቀ፣ ስንጥቅ ያወጣ፣ ያበጠ ወይም ፋሸታው አካባቢ አቧራ ተለጥፎ የጠቆረ ከሆነ ቀኑ ደርሷል። ደህና ቢመስልም በየአራት አምስት ዓመቱ ቀይሩት። ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አንድ ሁለት ሜትር ደህና ጎማና ጥቂት ፋሸታ ገዝታችሁ በመኪናው ውስጥ አኑሩ። ወደ ስማዳም ሆነ ወደ ጋሸና መንገድ ላይ ብትቆሙ ያች ጎማ ከሳሙና መላ ታወጣችኋለች።

የሚያፈስ መኪና እስኪሠራ ድረስ ወደ ግቢ አይግባ፤ ውጭ ይደር። ሌባ ይነካዋል ብላችሁ ብትሰጉ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠብቅላችኋል፤ ይህን ለማስተባበር ማኅበሩ ዝግጁ ነው። መኪና በሚያድርበት ግቢ ሁሉ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይቀመጥ።

እናቶችና ጎረቤቶች! ቤንዚን ከሸተታችሁ ምድጃውን አጥፍታችሁ ለባለመኪናው ንገሩት። «ሰው ቤት ገባሽ እንዳልባል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ባለመኪናውም ሲነገረው አይቆጣ፤ የነገረው ሰው ንብረቱንም ልጆቹንም ያዳነለት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። አንድ ሜትር ጎማ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ ጋር አይተያይም።

 ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ በግቢያችሁ ያደረውን መኪና ሥሩን ጎንበስ ብላችሁ እዩ።