ቀጥቃጭነት የብየዳ ጓዝ አይደለም

(ወረታ ላይ በወጣቶች የእጅ ሙያ ውይይት የቀረበ ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ ሙሉ ቃሉን ለጥፈነዋል፤ አንብቡት፣ ለጓደኛም ሼር አድርጉት።)

 

ያው እንደምታውቁት የዛሬዋ ጥያቄ ስትታይ ትንሽ ናት። በትርፍ ጊዜያችን ሙያ የምንማማርበት ይህ ስብስባችን የእንጨት ሥራ ክፍል አለው፣ የሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ጥገና አለው፣ ሽመና አለው፣ ብየዳም አለው። አሁን ደግሞ ብረት እየቀጠቀጡ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች መጥተው "ለእኛም የራሳችን ክፍል ይሰጠን" አሉ። ግማሻችን እሺ አልን። ግማሻችን ግን "ለምን? ያም ብረት ይሄም ብረት፣ ብየዳ ውስጥ ይግቡና ይሥሩ" አልን። እኔ የቆምኩት ይሰጣቸው ለማለት ነው። "ባህላችን ስለሆነ" ብዬ ብቻ ግን አላልፈውም፤ ይቺ ቃል ስንት ነገር እንደሸፈነች እናውቃለን።

በሥራው ልጀምር። በያጅ ሁለት ብረት ያገናኛል። ቀጥቃጭ የአንዱን ብረት ቅርጽም ጠባይም ይለውጣል። በጣም የተለያየ እውቀት ነው። በያጅ ስለ ኤሌክትሮድና ስለ ከረንት ያስባል። ቀጥቃጭ ደግሞ ወናፉን እየነፋ የብረቱን ቀለም ያነባል፤ ቀይ ሲሆን፣ ብርቱካን ሲመስል፣ ወደ ቢጫ ሲሄድ እያንዳንዱ የተለየ ሥራ ይፈቅዳል። ቀዝቀዝ ሲል ከመታኸው ይሰነጠቃል፣ ከልክ በላይ ካጋልከው እንደ ርችት ፍንጣሪ እየረጨ ይቃጠላል፤ ያ ብረት ከዚያ ወዲያ አይድንም። ቀጥቃጭ ጥላ ውስጥ፣ ጨለም ያለ ጎጆ ውስጥ የሚሠራው ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ አይታይማ! ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ "ጨለማ ይወዳል" ብሎ ሌላ ነገር አሰበበት። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ማጭድ ውሰዱ። እዚህ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጎንበስ ብለው ውለው ያድራሉ። የሩዝ አገዳ ሲሊካ የሚባል አሸዋ መሰል ነገር በብዛት አለው። ስለዚህ ስለቱን ቶሎ ይበላዋል። ጥሩ ማጭድና መጥፎ ማጭድ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ከፌሮ የተሠራ ማጭድ ብትስለውም ጠዋት ተስሎ ቀትር ላይ ይደንዛል፤ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ብትነክረውም እምብዛም አይጠነክርም። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ግን ካርቦን አለው። አጋልተህ ስትነክረው ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ላዩን ፈግፍገህ እንደገና ቀስ ብለህ ታሞቀዋለህ። ያኔ ላዩ ላይ ቀለም ይሮጣል፦ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ስለት የሚሆነውን ቢጫውና ቡናማው ላይ ታቆመዋለህ፣ መተጣጠፍ ያለበትን ሰማያዊው ድረስ ትለቀዋለህ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው፤ ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም፣ ዓይኑ ነው የሚለካው። ይሄን በብየዳ ክፍል ጥግ ላይ፣ ጀነሬተር እየጮኸ፣ የብየዳ ብርሃን ዓይን እየወጋ ማን ሊማረው ነው?

ማረሻውም እንዲሁ ነው። የፎገራን ዋልካ አፈር የማያውቅ እዚህ የለም። ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል። ርብና ጉማራ ሞልተው ከተኙበት በኋላ ያንን መሬት የሚከፍተው ያቺ የብረት ጫፍ ናት። ጫፏ እየተበላች ታጥራለች፣ ቀጥቃጭ ደግሞ አግሎ ይስባታል፣ ያሾላታል። የማረሻ ብረት ያላሾለ በሬ ቢጠምድ ምን ዋጋ አለው? ስለ ሩዛችን ስናወራ ስለ ኤክስ ጅግና ዝርያ እናወራለን፣ እዚሁ ወረታ ስላለው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እናወራለን፣ ደግ ነው። ማጭዱን ስለሠራው ሰው ግን ማንም አያወራም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። እንደዚህ ያለ ሙያ ለምን ክፍል አልተሰጠውም? ለምን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀም? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ጮክ ብለን አንለውም እንጂ። ጠይብ! ቡዳ! ሌሊት ጅብ ይሆናል! ልጅ ይበላል! አትጋባው፣ አብረኸው ማዕድ አትቁረስ! ይህን የሰማው ልጅ የአባቱን ሙያ ይደብቃል። ከተማ ሲገባ "አባትህ ምን ይሠራል?" ሲሉት "ገበሬ ነው" ይላል። መዶሻውን የሚረከብ ይጠፋል። ሙያ የሚሞተው ፋብሪካ ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ አፋችንም ገድሎታል። ደግሞ እዩት፣ ጠይብ፣ ጠቢብ፣ ጥበብ፣ ሦስቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ጥበብን ስድብ አድርገን ቁጭ አልን!

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ፍቀዱልኝ። ስንቶቻችን ነን የዐፄ ቴዎድሮስ ምስል ያለበት ቲሸርት የምንለብሰው? ፕሮፋይላችን ላይ ሴባስቶፖልን የለጠፍነው? ደግ፣ እንልበሰው። ግን ጋፋት የት ነው? ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ! ንጉሡ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍሮ፣ የአገሩን ልጆች ከጎናቸው አሰልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ አስወጣ። በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ወጣ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። (ለማስተካከል ያህል፣ ያ ሥራ ነሐስ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው፣ መቀጥቀጥ አይደለም። ሁለቱን አናደባልቅ።) ነገሬ ይሄ ነው፦ ንጉሡ መሬት ላይ ወርዶ ከብረት ሠራተኛ ጋር የዋለ ሰው ነበር። እኛ የእሱን ምስል ደረታችን ላይ ለጥፈን ገበያ ላይ ማጭድ የሚሸጠውን ሽማግሌ በአሽሙር ካየነው፣ ቲሸርቱን ብናወልቀው ይሻላል።

ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ፋቂውም ተጠቅሰውበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! አዋጁ ታወጀ፣ ስድቡ ግን አልቆመም። ከዚህ የምረዳው፣ ስድብ በአዋጅ ብቻ እንደማይጠፋ ነው። ሰው አብሮ ሲውል፣ አብሮ ሲሠራ፣ ከዚያ ሰው አንድ ነገር ሲማር ነው የሚጠፋው።

ይሆናል ወይ ለምትሉ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ እዚሁ ፎገራ ውስጥ፣ አውራምባ አለች። አቶ ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቷት። ሽመናም እኮ የሚናቅ ሙያ ነበር። እነሱ ግን ሴቱም ወንዱም አንድ ላይ ተቀምጦ ይሸምናል፣ ይፈትላል፣ ይሸጣል፤ ዛሬ ሰው ከውጭ አገር ሳይቀር ለማየት ይመጣል። እኛ ስብስብ ውስጥ የሽመና ክፍል ሲከፈት ማን ተቃወመ? ማንም። ለቀጥቃጭ ሲሆን ለምን ጉሮሯችን ላይ ቆመ?

ውጭውንም ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ዩቲዩብ ላይ ፎርጅድ ኢን ፋየር የሚባለውን ውድድር ታያላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሙያው ሊጠፋ ሲቃረብ ጥቂት ቀጥቃጮች እ.ኤ.አ. በ1973 ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ እዚያ ሐኪሙም ሹፌሩም ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ መዶሻ ይዞ ይውላል፣ ማንም ቡዳ አይለውም። እኛ የእነሱን ቪዲዮ በአድናቆት እያየን፣ ወናፍ የሚነፋውን ጎረቤታችንን ማየት ካቃተን ችግሩ ከብረቱ አይደለም።

የተቃወማችሁትን ልጆች ግን በንቀት አላልፋችሁም፤ ያነሳችሁት ነገር እውነት አለው። "ፈላጊው ጥቂት ነው" ብላችኋል። ልክ ነው፣ ስምንት ዘጠኝ ቢሆኑ ነው። ግን የሞባይል ጥገናውም ሲጀመር ከዚያ አይበልጥም ነበር፤ ክፍል የሌለው ነገር ደግሞ ፈላጊው አይታወቅም። "ከሰል ውድ ነው፣ ዛፍ ይጨርሳል" ብላችኋል። ይሄ ይከብደኛል። የባሕር ዛፍ ከሰል እንጠቀም ነው የምለው፣ ሥራውም በሳምንት አንድ ቀን ይሁን። አንዱ ልጅ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚከመረውን የሩዝ ቅርፊት እናንድደው ብሏል፤ አመዱ አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ከከሰል እኩል አይሆንም፣ ተጨምቆ ግን ቢሞከር ደስ ይለኛል። "ጎራዴ ሊሠሩ ነው" ላላችሁት መልሴ አጭር ነው፦ ክፍሉ የእርሻና የቤት ዕቃ ብቻ ይሥራ። ማጭድ፣ ማረሻ፣ ወገል፣ ዶማ፣ ቢላዋ። ከዚያ የወጣ ከክፍሉ ይውጣ።

አደጋው ደግሞ ለብቻው ክፍል እንዲኖር የሚያስገድድ እንጂ የሚከለክል አይደለም። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። የታሸገ ቱቦ ወይም የመኪና ሾክ አብዞርበር እሳት ውስጥ ከተከተተ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ናይለን ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ይህን የሚነግር ሰው፣ የራሱ ደንብና የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል፤ በብየዳው ማስታወቂያ ግርጌ በአንድ መስመር አይጻፍም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፣ ይሄ ካልሆነ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ክፍሉን የሚመሩት ቀጥቃጮቹ ራሳቸው ይሁኑ። እኛ ዩቲዩብ ያየን ልጆች አይደለንም። ሙያውን ለዘመናት በስድብ ውስጥ ይዘው የቆዩት ሰዎች ጓሮ ተቀምጠው፣ እኛ ሙያቸውን ወስደን "ሆቢ" ብለን ፎቶ ብንለጥፍበት፣ ያ ሁለተኛ ዘረፋ ነው። ሄደን ቤታቸው እንለምናቸው። ጋሼ፣ አባባ ብለን፤ ወንበር ስበን፣ ቡናቸውን ጠጥተን፣ እንጀራቸውን ቆርሰን። ቡና ለመጠጣት የሚያመነታ ካለ ክፍሉ ውስጥ አይመዝገብ። ለሚያስተምሩበት ቀን ይከፈላቸው፤ ለሞባይል ጥገናው አሰልጣኝ የምንከፍለውን ያህል፣ ከዚያ አንድ ብር ሳይቀነስ። ልጆቻቸው መጥተው ቢማሩ ደግሞ ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ። ሴት ልጅ ወናፍ ብትነፋ፣ መዶሻ ብትይዝም ማንም አይከልክላት።

እንግዲህ ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ካለፈ የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም፦ ለወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ፣ አንድ መስፍ (ካልተገኘ የወፍራም ብረት ቁራጭ ግንድ ላይ ተመትቶ ይሆናል)፣ ሁለት ጉጠት፣ ሁለት መዶሻ፣ ሞረድ፣ ጥላ ያለው ቦታ። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች የተሰበረ ባሌስትራ ስታገኙ አትጣሉት፣ ለእኛ አምጡት። ከሩዝ አጨዳው በፊት ቢጀመር የመጀመሪያዎቹን ማጭዶች እዚሁ ሜዳ ላይ እንሞክራቸዋለን፤ ስንት ቀን ሳይሳሉ እንደቆዩም አጫጆቹ ይንገሩን። ቆዳውን መስፋት የሚችል ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ እንሄዳለን።