እንግዳው ከሄደ በኋላ
(ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትብብር በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር እንድንናገር ዕድሉ ሲሰጠን፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ስምምነት ፊርማና ስለ ባሕር ማዶ ጉዞ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን ከኦጎልቾ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ጥያቄያችን ከዚያ ያነሰ ምናልባትም የከበደ ነው። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የሕክምና ትምህርትና ምርምር ሲያካሂዱ፣ ከዚያ ሥራ ኦጎልቾ የሚደርሰው ምንድን ነው? እንግዳውስ ሻንጣውን ይዞ ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል? በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ኦጎልቾን ለማታውቁ፣ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ በጭላሎ ተራራ ሥር ስትቀመጥ፣ ኦጎልቾ ወደ ምዕራብ ወረድ ብላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያዘነብለው በስምጥ ሸለቆ ትገኛለች። አሰላን የሚያስቸግራት ብርድ ሲሆን፣ እኛን የሚያስቸግረን ወባ ነው። ሕመም ሲጠና ግን ሁላችንም የምንወጣው ወደ አሰላ ሆስፒታል ነው።

የከተማችንን ስም ምናልባት ከስንዴ ጋር ሰምታችሁት ይሆናል። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማእከል በ2012 ካወጣቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱ «ኦጎልቾ» ተብሎ ተሰይሟል። ቁሉምሳ ራሱ የትብብር ፍሬ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተጀመረው፣ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ የምርምሩን መሠረት ጣለ። ስዊድኖቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ምርምሩ ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ዛሬም ይሠራል።

ይሁን እንጂ የካዱ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ምርቱ ሲጨምርና ትራክተር ሲመጣ፣ ባለመሬቶች መሬቱን ራሳቸው ማሳረሱ ስለ ጠቀማቸው ብዙ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተነቀሉ። ስለዚህ ትብብር ሲመዘን ሁለት ነገር መጠየቅ እንዳለበት የገዛ አገራችን ታሪክ ያስተምረናል። አንደኛው፣ ሥራው በባለአገሩ እጅ ይቀራል ወይ? ሁለተኛው፣ ጥቅሙ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል ወይ?

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሕክምናው እንምጣ።

በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ነበር። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ፣ በቡድን ሆነው በየወረዳው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ይልክ ነበር። ተማሪው ትምህርቱን ከሚጨርስባቸው ቦታዎች አንዱ በደንቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነበር። የኮሌጁ ታላቅነት፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሕንጻው ይልቅ በዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው የወረዳ ጤና ጣቢያን ሳያውቅ ከጎንደር አይመረቅም ነበር።

በዚያው በጎንደር በ1978 ሐኪሞችን ማስተማር የተጀመረው ደግሞ ከላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። መምህራኑን የላከችው ምሥራቅ ጀርመን በ1990 እንደ መንግሥት መኖሯ አበቃ። ዩኒቨርሲቲውም ያንን ስሙን ተወ። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ ሐኪሞች ያስመርቃል። እንግዳው ከነመንግሥቱ ሲጠፋ እንኳ ሥራው ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

ሦስተኛው ምሳሌ በአዲስ አበባ ነው። በ2003 በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ይህን ሙያ የሚማር ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ትምህርቱን በአገር ውስጥ ጀመረ። ተማሪው ወደ ቶሮንቶ መሄዱ ቀርቶ፣ የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያስተምሩ ጀመር። ሐኪሙ የሠለጠነው በሚያክማቸው ሰዎች ቋንቋና ኑሮ መካከል ነው። ከተመረቁትም ውስጥ ራሳቸው መምህራን የሆኑ አሉ።

አሁን ወደ አሰላ እንመለስ። በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጀምሮ በኋላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የአሰላ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከ2010ዎቹ ጀምሮ ከጀርመኑ ከዱሰልዶርፍ ሃይንሪክ ሃይነ ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ ሠርቷል። በአሰላም ሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም የሚባል የምርምር ቤት ተቋቁሞ፣ የአገር ልጆች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ኤች አይ ቪና መድኃኒት ስለ ተላመዱ ባክቴሪያዎች መርምረዋል።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ የሕክምና ተማሪ ላልሆናችሁ እንግዳ እንዳይሆን ጥቂት እናስረዳ። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሕመምተኛ በደሙ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንደ ገባና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚታወቀው፣ ደሙ ተቀድቶ በላቦራቶሪ ባክቴሪያው እንዲራባ ከተደረገ በኋላ በየመድኃኒቱ ሲፈተን ነው። ይህ ምርመራ በሌለበት ስፍራ ሐኪሙ የሚያዘው በግምት ነው። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአሰላ በትኩሳት ሆስፒታል ከተኙ ሕመምተኞች የተገኙትን ባክቴሪያዎች ፈትኖ፣ አዘውትሮ የሚታዘዘውን ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋሙት ብዙ መሆናቸውን አሳየ። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢና በአካባቢው በተያዙ ዝንቦች ላይ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች መገኘታቸውን ገለጸ። ዝንብን የግቢ አጥር አያግደውም።

ይህን ዕውቀት በዱሰልዶርፍ ተቀምጦ ማግኘት አይቻልም፤ የተገኘው ከእኛው ሕመምተኞች ነው። የዱሰልዶርፍ ሙያና መሣሪያ ሳይታከልበትም ምናልባት ብዙ ዓመት ይዘገይ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚመሰገኑበት ሥራ ነው። ነገር ግን ጥናቱ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። በኦጎልቾ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ተቀብሎ መድኃኒት የሚያዘው የጤና ባለሙያ ውጤቱን ይሰማል ወይ? ከሰማስ ነገ ጠዋት የሚያዘውን ያሻሽልበታል ወይ? ይህ እስካልሆነ ድረስ ትብብሩ ከአሰላ ወደ ዱሰልዶርፍ መንገድ ሲያበጅ፣ ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ ግን ገና አልጠረገም ማለት ነው።

ከጓደኞቻችን መካከል፣ «ፈረንጅ የሚመጣው ደማችንን ቀድቶ ስሙን በመጽሔት ለማሳተም ነው» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ ነገር ግን በሩን መዝጋት ላቦራቶሪ አይሆንም። ሌሎች ደግሞ፣ «ድኻ የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ አያማርጥም» ይላሉ። ይህንንም አንቀበልም። የማያማርጥ ሰው መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ተቀብሎ አቧራ ያለብሰዋል። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ያሉት ወርቁን ጠልተው ሳይሆን፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚመለስ መሆኑን አውቀው ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የምርምሩ ጥያቄ ከአገር ይነሣ። ስለ ኦጎልቾ ወባ የሚጠይቀው አስቀድሞ የኦጎልቾ ጤና ሠራተኛ ይሁን፤ እንግዳው ሲመጣ ጥያቄው ተጽፎ ይጠብቀው።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የሚጠግነው ሰው ይሠልጥን፤ ከእያንዳንዱ እንግዳ መምህርም ጎን ነገ በስፍራው የሚቆም የአገር መምህር ይቀመጥ። የቶሮንቶው ሥራ የሚደነቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ምርምሩ ሲያበቃ ውጤቱ በአንድ ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ወደየወረዳው ጤና ጣቢያ ይላክ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ጋዜጣ የምናባዛበት ዓይነት መሣሪያና ጥቂት ፈቃደኛ ተማሪዎች ይበቁታል። እኛ ከኦጎልቾ የመጣን ተማሪዎች ለትርጉሙም ለማድረሱም ዛሬ በፊታችሁ ስማችንን እናስመዘግባለን።

ነገሩን በሌሎች ላይ ብቻ እንዳንጥል አንድ ቃል ለራሳችን እንጨምር። የቁሉምሳ ምርምር የቆየው የቀሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ነበሩ ነው፤ የጎንደርም ትምህርት ቤት እንዲሁ። ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን ሁሉ አዲስ አበባን ወይም ባሕር ማዶን ብቻ የሚመኝ ከሆነ፣ የትኛውም ስምምነት፣ የትኛውም ፊርማ ኦጎልቾን አያድናትም። እንግዳው መሄዱ አይቀርም፤ የራሱ አገርና የራሱ ሕመምተኛ አለው። የእርሱ ሥራ ሲያልቅ የሚጀምረው የእኛ ሥራ ነውና፣ ሳይሄድ አጠገቡ ቆመን እንማር።