ውሉ በማን ስም ነው?

(ዓርብ በስብሰባችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንዲት የእረፍት ቀን ናት ያለችን፤ እሷንም ትታችሁ በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ከአስረኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የማውቀውን ነው የማወራው። ጉዳዬ የቤት ኪራይ ነው፤ ግን ከሚያስቅ ነገር ልጀምር።

ፍሬንድስ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሜዲ አሠሪዎቻችን ቤት በዓረብኛ ጽሑፍ ያያችሁት ትኖራላችሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ክፍል አለ። ሞኒካና ሬቸል ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ሬቸል ቆሻሻ ልትጥል ስትሄድ የፒዛ ካርቶን የቆሻሻ መጣያውን ቱቦ ይደፍነዋል። ትሪገር የሚባለው የሕንፃው ተቆጣጣሪ ጮኾባት ያስለቅሳታል። ጓደኛቸው ጆይ ተናዶ ሊጣላለት ይወርዳል። ሰውየው ግን ሌላ ካርድ መዘዘ፦ ቤቱ የሞኒካ አያት ነው፣ እነሱ የሚኖሩት ያለ ደንቡ ነው፣ አስወጣቸዋለሁ አለ። ጆይ ተመልሶ ይለማመጠዋል። ሰውየው ለግብዣ ዳንስ መለማመድ ፈልጎ ኖሮ፣ ጆይ አቅፎት ሲደንስ ያመሻል።

እኛ እንስቃለን። ግን አስተውላችኋል? ጠቡ የቆሻሻ ነበር፤ ዱላው ግን የስም ሆነ።

ይሄ አገራችንም አለ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቤተሰብ ከዚያ አይወጣም፤ ውሉ ግን በአያት ስም ይቀራል። አያት ሲሞቱ ልጅ ልጆች ስም ለማዛወር ስንት ደጅ ይጠናሉ!

ወደ እኛ ልምጣ። ሼክ ኡስማን፣ በሳቲን፣ መንሱራ ስንቶቻችን ነን አምስትም ሰባትም ሆነን አንድ ክፍል የምንኖረው? ወረቀቱ ቀድማ በመጣችው ወይም ዓረብኛ በምትችለው ልጅ ስም ነው። እሷ ወደ ሳዑዲ ትሄዳለች፣ እኛ እንቀራለን። ከዚያ ውኃ ጠፋ ብለን ስንጠይቅ «እናንተን አላውቅም፣ ያከራየሁት ለእሷ ነው» እንባላለን።

እኔ ያለሁበት ቤት ስድስት ነን። ባለፈው ወር የአከራዩ ወኪል መጥቶ ኢጃሩን በሳዑዲ ሪያል ካልከፈላችሁ አለ። ደሞዛችን እኮ በየመን ሪያል ነው! ስንከራከረው ወረቀቱ በስማችሁ አይደለም፣ በሦስት ቀን ልቀቁ አለን። እኛ ግን ደብተር ነበረን። በየወሩ የከፈልነው ከነቀኑ ተጽፎ ወኪሉ ራሱ ፈርሞበታል። ሁለት ሆነን ለሰፈሩ ዓቂል ወሰድንለት። ዓቂሉ ፊርማውን አይቶ ባለቤቱን ራሱን አስጠራው። ለካ የሳዑዲ ሪያሉን ነገር ባለቤቱ አያውቅም! ኪራዩ ትንሽ ተጨመረብን፤ በየመን ሪያል ሆኖ ግን ወረቀቱ በሁለት ሰው ስም ተጻፈ። መብራት አሁንም ይጠፋል፣ ጣሪያውም ያፈሳል። ግን ዕቃችንን ይዘን መንገድ ላይ አልወደቅንም።

አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አደን ላይ አይሠራም፣ አውቃለሁ። የምነግራችሁ ወረቀት መጠየቅ ድፍረት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦

አንደኛ፣ ወረቀቱ ቢያንስ የሁለት ሰው ስም ይኑረው። ስንት ሆነን እንደምንኖርም ይጻፍበት፤ ኋላ «በዛችሁ» ተብለን እንዳንባረር።

ሁለተኛ፣ ፊርማ ሳይኖር ብር አይሰጥ። እምቢ ካለ ሁለት ሆናችሁ ክፈሉ፣ ቀኑንና ልኩን ጻፉ።

ሦስተኛ፣ የሚጮኸው ሰው ባለቤቱ ነው ወይስ ወኪሉ? እወቁ። ትሪገርም ተቆጣጣሪ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

አራተኛ፣ ፓስፖርትም ሆነ የስደተኛ ካርድ ለመያዣ አትስጡ። ኮፒ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ከመካከላችሁ የምትሄድ ካለች፣ ሻንጣዋን ሳታነሳ ስሙ ይዛወር።

ከአከራይ ጋር ስትነጋገሩ ደሞ አንዷ ብቻ ትናገር፤ የተረጋጋችዋ። ስድስታችንም በአንዴ ስንጮህ ሰውየው የሚሰማው ጩኸቱን ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ የቤታችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ኑ። ዓረብኛ የምትጽፈው እህታችን እዚህ ትቀመጣለች፤ በየቤቱ ተራ እያነበብን የማን ስም እንዳለበት እናያለን። ደብተርና እስክሪብቶ የማኅበሩ ነው።