የዘንባባን ልብ እንጠብቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰሌን የምንሠራበትን፣ ለሆሳዕና የምንይዘውን ዘንባባ በየጓሯችን ከመትከላችን በፊት አንድ ነገር እንወቅ። የዘንባባ ግንድ እንደ ዋንዛ ቅርንጫፍ አያወጣም። የሚያድገው አናቱ ላይ ካለችው ከአንዲት ለጋ ልብ ብቻ ነው። እሷ ከሞተች ያ ግንድ ቆሞ ይደርቃል።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮችም ዘንባባ ይተክላሉ። ከቻይና ተራሮች የመጣ አንድ ዓይነት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ ብርድ ይችላል። ቢሆንም ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉን ሰብስበው ያስሩታል፤ አናቱንም በገለባ ይሸፍናሉ። የሚጠብቁት ያችኑ ልብ ነው።

እኛ መተማዎች ውርጭ አያሰጋንም፤ የሚያሰጋን የራሳችን ማጭድ ነው። ለሰሌን ያልተዘረጋው ነጭ ለጋ ቅጠል ስለሚያምር ከመሀል እንቆርጣለን። ይህ ሲደጋገም ልቧ ትጎዳለች፤ ለከርሞ የምንሸጠው ሰሌንም ይቀራል።

ስለዚህ ከአንድ ግንድ አንድ ለጋ ብቻ እንውሰድ፤ ቀጣዩ እስኪዘረጋም እንታገሥ። ለሆሳዕና የጎኑ ቅጠል ይበቃል። ችግኙን ከፍየል እንጠረው፤ በበጋም የዕቃ እጣቢ እናጠጣው።