የትርፍ ድርሻ ለጅግጅጋ ነጋዴ

እርሱ፦ እኅቴ ሆይ፣ በቶጎ ውጫሌ መንገድ ሲነግድ ኖሮ ጉልበቱ የደከመ አባት፣ ጥሪቱን በባንክ አክሲዮን አኑሮ በየዓመቱ በሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ቤቱን ሊያስተዳድር ቢያስብ፣ አስቀድሞ ምን ሊመረምር ይገባዋል?

እርሷ፦ ትርፉ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉን ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. እንዲያሟሉ ስላዘዘ፣ በርካታ ባንኮች ትርፉን ወደ ካፒታል መልሰው በብር ፈንታ ተጨማሪ አክሲዮን ሰጥተዋል፤ ይህም ሀብትን ቢያበዛ እንኳ የወሩን አስቤዛ አይሸፍንም። ደግሞም ባንክ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እስኪተካከል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን እንዲያኖር ይገደዳል።

እርሱ፦ በሃይማኖቱ ሕግ ከወለድ የሚርቅስ?

እርሷ፦ እርሱማ የመደበኛ ባንኮች ትርፍ በአብዛኛው ከወለድ ስለሚመነጭ፣ ይህን ከዑለማዎቹ ጋር ይምከርበት። ከአነስተኛ የገንዘብ ተቋምነት ያደገውና መንበሩን በዚሁ በጅግጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን ለትርፍ ክፍያ ዋስ አይሆንምና፣ የተከታታይ ዓመታት የሒሳብ መግለጫው ይነበብ።

እርሱ፦ ገንዘቡ በድንገት ቢያስፈልገውስ?

እርሷ፦ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን በቀዳሚነት መዝግቧል፤ የተመዘገበ አክሲዮን በዚያ ሊሸጥ ይችላል፤ ያልተመዘገበው ግን ገዢ እስኪገኝለት ያስጠብቃል።